ጋሽ ካስማ የተቀመጡበት ሰርግ

በትርኢት ግቢው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ወለሉን የሚያይ ሰው ብዙም አይገኝም። ሰው እዚያ የሚገባው ቀና ብሎ መድረኩን፣ መብራቱንና የተሰቀለውን ጨርቅ ሊያይ ነው። ወለሉ ግን ከሁሉም የበለጠ ወሬ አለው። በሩ አጠገብ ጫር ጫር ያለው ምልክት የበሬ ኮቴ ነው። ከመድረኩ ሥር የተበተኑት ጥቃቅን ጉድጓዶች የሙሽሮችና የሚዜዎች ታኮ የወጋቸው ናቸው። መሀል ለመሀል የሚሄደው ቢጫ መስመር ፈተና ሲሰጥ ዴስክ የተደረደረበት ነው። በቀኝ በኩል ያለው ጥቁር ክብ ደግሞ አንድ የወጥ ቤት ዕቃ ሻጭ «ይህ ምድጃ ሥሩ በፍጹም አይግልም» እያለ ሲያሳይ ያቃጠለው ነው።

ይህን ሁሉ ያሳዩኝ የአዳራሹ ሠራተኞች አለቃ ጋሽ ካስማ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ሚስታቸውና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው ይባላል። ሚስታቸውም ቢሆኑ «አንተ ሰውዬ» ሲሏቸው እንጂ በስማቸው ሲጠሯቸው የሰማ የለም። ቅጽል ስማቸው ከየት እንደመጣ ለመናገር የግቢውን ታሪክ ከመጀመሪያው መያዝ ይሻላል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዘለለ ደስታው ይቀንሳል።

ግቢው ድሮ ግቢ አልነበረም። ወንዝ ዳር ያለ፣ ለእርሻ የማይመች ሜዳ ነበር። የከብት ነጋዴዎች ከየአቅጣጫው ሲመጡ ውሃው ስለሚቀርባቸው እዚያ ያርፋሉ። ያረፈ ከብት ይታያል፤ የታየ ከብት ይጠየቃል፤ የተጠየቀው ይሸጣል። ገበያው ማንም ሳይመሠርተው ተመሠረተ ማለት ነው። ከዚያ ገመድ ሻጭ መጣ፤ ከብት የገዛ ሰው ገመድ ያስፈልገዋልና። ከገመድ ሻጩ ቀጥሎ ባልዲ ሻጭ፣ ከባልዲ ሻጩ ቀጥሎ ፎቶ አንሺ መጣ። የፎቶ አንሺው ነገር አልገባ ቢለኝ ጠየቅሁ። ጋሽ ካስማ ሳቁብኝ።

«በሬ የገዛ ሰው ከበሬው ጋር ፎቶ መነሳት አይፈልግም እንዴ? አንተ አዲስ ሱፍ ገዝተህ መስታወት ፊት አልቆምክም?»

ውሎ አድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳውን አጠረና የመጀመሪያውን የእርሻ ትርኢት በድንኳን አዘጋጀ። ጋሽ ካስማ ያኔ ጎረምሳ ናቸው። የአጎታቸውን ጥጃ ለውድድር ይዘው መጡ። ጥጃዋ አላሸነፈችም፤ እንዲያውም የዳኛውን ባርኔጣ በላች። ሽልማቱ ሊሰጥ ሲል ኃይለኛ ነፋስ ተነሳና የትልቁ ድንኳን ገመድ የታሰረበት እንጨት፣ ካስማው ማለት ነው፣ ከመሬት ተነቀለ። ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሮጥ እሳቸው ገመዱን ለቀም አድርገው ተረከዛቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው ቆሙ። ነፋሱ አለፈ፣ ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ሽልማቱ ተሰጠ፣ ንግግሩ ተደረገ። እሳቸው እንደቆሙ ነበሩ። ሰው ከተበተነ በኋላ የድንኳን ኃላፊው መጣና «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ሲላቸው፣ አጠገባቸው ያለው ገመድ ሻጭ ቀድሞ «ካስማው ነዋ!» አለ። ስሙም ሥራውም በዚያው ጸና።

«ከዚያ ቀን ወዲህ» ይላሉ ጋሽ ካስማ፣ «ያን ገመድ የለቀቅሁት አይመስለኝም።»

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም የሰውየውን ጠባይ ይገልጻል። አዳራሹ ሲሠራ ቆርቆሮው እስኪመታ ቆመው ጠበቁ። ከሚስታቸው ጋር የተዋወቁትም ቆመው ነው። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመድረኩን የመጀመሪያ ቀይ መጋረጃ የሰፉት እሳቸው ነበሩ። መጋረጃውን ሊሰቅሉ መሰላል ላይ ወጥተው ከታች ያለውን ቀጭን ሰውዬ «መሰላሉን ያዝልኝ» አሉት። ያዘላቸው። መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ታጥፎ፣ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላም እንደያዘ ነበር።

«ልወርድ ነው፣ ልቀቀው ብለው አይለቅም» ይላሉ ሚስታቸው። «ምን ላድርግ? አገባሁት!»

ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ባጥለቀለቀበት ክረምት አዳራሹ የብዙ ቤተሰብ ቤት ሆኖ ከረመ። ከቀዩ መጋረጃ ጀርባ አንዲት ሕፃን ተወለደች። አሁን የትርኢቱን ትኬት የምትቆርጠው ወጣት እሷ ናት። «እኔ ቤቴ ነው የምሠራው» ትላለች፤ ልክም ናት። ከዚያ ወዲህ ባዛሩ፣ ኮንሰርቱ፣ የምረቃው በዓል፣ የመጽሐፍ አውደ ርዕዩ፣ ስብሰባው፣ ሰርጉ ተራ በተራ መጣ። የከብት ትርኢቱም አልቀረም። ችግሩ አዳራሹ አንድ መሆኑ ነው።

አሁን እኔ ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ክፍል ደረስን፤ ወደ ግልበጣ። ግልበጣ ማለት አዳራሹን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር መለወጥ ነው። ጠዋት በሬ የቆመበት ቦታ ማታ ሙሽራ ትቆምበታለች፤ በመካከሉ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ገልባጮች ይባላሉ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ማንሳትና ማስቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም! ሥርዓት አለው። ሁልጊዜ ከዳር ወደ መሀል ይሄዳሉ፤ ከመሀል ከጀመሩ ሠራተኛው በራሱ ዕቃ ይከበባል። በመጀመሪያ የሚሰበር ነገር ይነሳል፣ ቀጥሎ የሚታጠፍ፣ በመጨረሻ የሚጎተት። የበሬ ሽታ እንዴት እንደሚጠፋ ስጠይቅ መልሱ አስደነቀኝ። ሽታው ወለሉ ላይ አይቀርም፤ ወለል ይታጠባል። የሚቀረው ጨርቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ በሬ በር ከማለፉ በፊት መጋረጃው ሁሉ ወርዶ፣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ ይቆለፍበታል። ሙሽሮች ይህን ቢያውቁ መጋረጃውን ያመሰግኑት ነበር።

ከሥራው ሁሉ ረቂቁ ግን ምልክቱ ነው። አስቡት፦ ሙዚቃው ይጮኻል፣ እንግዳው ገና ይጫወታል፣ ሠራተኞቹ በየጥጉ ተበትነዋል። «ጀምሩ» እንዴት ይባላል? መጮኽ እንግዳውን ማባረር ነው። ድሮ ፊሽካ ይነፋ ነበር። አንድ የከብት ትርኢት ላይ ግን ፊሽካው ሲነፋ አንድ ወይፈን ደንግጦ ወደ ፍራሽ ሻጩ ክፍል ገባና አንዱ ፍራሽ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ፍራሽ ሻጩ «ጥንካሬው ይኸው!» እያለ ሲያሻሽጥ ዋለ፤ ፊሽካው ግን ተከለከለ።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ የጋሽ ካስማ ኮት ሆነ። ማንም አልወሰነውም። ሁልጊዜ ግራጫ ኮት ይለብሳሉ፤ ኪሶቹ ውስጥ ሲባጎ፣ ጠመኔና የበር ቁልፍ ይዞራል። ዕቃ ሊያነሱ ሲሉ ኮቱን ያወልቃሉ። ሠራተኞቹ ቀስ በቀስ ዓይናቸውን እሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉ። ኮቱ ከወለቀ ግልበጣው ይጀመራል፤ ከተለበሰ ይቆማል። ዝም ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ያለ አንድ ጥያቄ። ጥያቄ የተከለከለበትም ምክንያት አለው። አንድ አዲስ ሠራተኛ ባልቴቶች ሟች ጓደኛቸውን በሚያስቡበት ስብሰባ መሀል «ጋሼ፣ እናፍርስ ወይስ ገና ያለቅሳሉ?» ብሎ ከአዳራሹ ጫፍ ጮኾ ነበር።

ኮቱንም ራሱን የምትጠብቅ ሰው አለች። የአዳራሹ የኤሌክትሪክ ሠራተኛና የጋሽ ካስማ ምክትል ናት፤ እትዬ ፊውዝ ይሏታል። አንድ ጊዜ ኮቱ ድንኳን ውስጥ ተጠቅልሎ ጠፍቶ የተገኘው በሚቀጥለው ዓመት ትርኢት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ኮት ወለቀ ማለት እትዬ ፊውዝ ወስዳ ዕቃ ቤት ሰቅላ ቆልፋበት ትመጣለች።

አሁን ወደ ልጃቸው እንምጣ። ጋሽ ካስማ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት። ያደገችው በአዳራሹ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሳለች የወላጆች በዓል በዚያው አዳራሽ ተከበረ፤ ግጥም ልታነብ መድረክ ላይ ወጣች። አባቷን በሰዉ መሀል ፈለገች፤ የሉም። ወደ ጎን ስታይ ከመጋረጃው ሥር የምታውቃቸው ሁለት ጫማዎች ይታዩአታል፤ አባቷ የወለቀ የመጋረጃ ዘንግ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል። ግጥሙን ለጫማው አነበበችለት። ነርስ ሆና ስትመረቅም በዓሉ እዚያው ነበር። በፎቶው ላይ እናቷ ተቀምጠዋል፣ አጎቷ ተቀምጧል፣ በመሀላቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ። ከጀርባ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ያቀፈ ሰው ይታያል፤ ፊቱን ማጉያው ሸፍኖታል።

የወደፊት ባሏን የተዋወቀችውም በዚያው ግቢ፣ በከብት ትርኢት ላይ ነው። የከብት ሐኪም ነው። አንዲት ላም ረግጣው ጣቱን ያሰረችለት እሷ ናት። «ላሚቱን ሰርጉ ላይ መጥራት አለብን» ይላል እሱ።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል ልጅቱ ወላጆቿ ቤት መጣች። ጋሽ ካስማ የወጥ ቤቱን በር ማጠፊያ ያጠብቃሉ፤ እናቷ የልብስ ስፌት ማሽኑ ላይ ናቸው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር እፈልጋለሁ።»

«አበባውን ነው? ነጩ ይሻላል ብያለሁ እኮ፤ ቢጫው በዚያ መብራት ይጠፋል።»

«አበባ አይደለም። ቁጭ እንድትልልኝ ነው።»

ወንበር ሳቡ። «ይኸው፣ ተቀመጥኩ። ምንድነው?»

«አሁን አይደለም! በሰርጉ ቀን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መጋረጃ ቢወድቅ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ጣሪያው ቢከፈት አትነሳም። ቀና ስል ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ካስማ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ሚስታቸው ከማሽኑ ቀና ሳይሉ «እኔን አትየኝ፤ መሰላል ላይ የወጣሁ ጊዜ ነው የተሸወድኩት» አሉ።

«ብነሳስ?» አሉ ጋሽ ካስማ፤ ሊቀልዱ ነበር።

ልጅቱ አልሳቀችም። «ከተነሳህ ምንም አላደርግህም። ግን እንደ ምረቃዬ ፎቶ ይሆናል።»

ጋሽ ካስማ መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «አልነሳም» አሉ። በሕይወታቸው የሰጡት ከባዱ ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። አዳራሹን ያሰናዱት ገልባጮቹ ናቸው፤ ለአለቃቸው ልጅ ስለሆነ ከሌላው ጊዜ ሁሉ አሳምረውታል። ጋሽ ካስማ ሥልጣናቸውን ለእትዬ ፊውዝ አስረከቡ።

«ዛሬ አለቃ አንቺ ነሽ።»

«እሺ ጋሼ። እርስዎ ዛሬ እንግዳ ነዎት። እንግዳ ደግሞ መብራት ተንጠለጠለ አይልም።»

«የቱ ነው የተንጠለጠለው?»

«ይቀመጡ!»

በማግሥቱ የከብት ትርኢት ስለነበረ ገልባጮቹ ቸኩለዋል። ከብቶቹን የጫኑት መኪኖች ገና በጊዜ ከኋላ በር ቆመዋል፤ አልፎ አልፎ አንድ በሬ ሙዚቃውን ያጅባል። ሁሉም ነገር ታስቦበታል፤ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ የሚታሰረው። አንድ ነገር ብቻ አንዳቸውም አላሰቡትም፦ አለቃው ለአንድ ቀን ሲቀየር ምልክቱም መቀየር ነበረበት።

ጋሽ ካስማ ከመድረኩ ሥር ባለው የክብር መደዳ፣ በልጃቸውና በሚስታቸው መሀል ተቀመጡ። ሚስታቸው የሰፉላቸውን አዲስ ጥቁር ኮት ለብሰዋል። መቀመጥ እንዲህ ሥራ መሆኑን አያውቁም ነበር። የአንድ ጠረጴዛ እግር ሲነቃነቅ ያያሉ፤ ጉልበታቸው ይነሳል፤ ሚስታቸው እግራቸውን ይረግጧቸዋል። የድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ አንገታቸው ይዞራል፤ ይረገጣሉ። በሁለት እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ከሥር ጨበጡ። ንግግሩ አለፈ፣ ምሳው ተበላ፣ ኬኩ ተቆረሰ። እሳቸው አልተነሱም። ልጃቸው በየመሀሉ ዞር እያለች ታያቸዋለች፤ ባየቻቸው ቁጥር ፊቷ ይበራል።

ከጣሪያው መብራትና ከትግሉ የተነሳ ግን በላብ ተጠመቁ። ልጅቱ አየችና አዘነችላቸው።

«አባዬ፣ እየቀለጥክ እኮ ነው! ዘና በል እንጂ። ና፣ ይህን ኮት ላውልቅልህ።»

እጅጌውን ሳበችላቸው። አእምሯቸው ሁሉ ወንበሩ ላይ ስለነበር እንደ ሕፃን እጃቸውን ሰጧት። ኮቱ ወለቀ።

እትዬ ፊውዝ ከመብራቱ ማብሪያ አጠገብ ቆማ ነበር። ዓይኗ አየ፤ እግሯ ተነሳ። «እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ትላለች እስከ ዛሬ። ኮቱን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ላፍ አድርጋ ዕቃ ቤት ወሰደችና እንደ ሥርዓቱ ቆለፈችበት። ከየጥጉ ገልባጮቹ ተንቀሳቀሱ። ዝም ብለው፣ ፈገግ ብለው፣ ያለ አንድ ጥያቄ።

መጀመሪያ አበባው ሄደ። ቀጥሎ ከዳር ያሉት ጠረጴዛዎች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሳህንዎን አንዴ ብቻ ያንሱልኝ።»

የሙሽራው አክስት ሳህናቸውን አነሱ፤ ጠረጴዛው ከፊታቸው ተነስቶ ሄደ። ሳህናቸውን እንደያዙ ጎረቤታቸውን አዩ። «ምን ጉድ ነው?»

«እኔ እንጃ። የዘንድሮ ሰርግ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።»

እንቅልፍ የወሰደው የሙሽራው አጎት ከነወንበሩ ተነስቶ ግድግዳው ጥግ ከተደረደሩት ወንበሮች ጋር ተቀመጠ፤ አልነቃም። ኬኩ የነበረበት ጠረጴዛ ታጠፈ፤ ኬኩን አንዲት ሚዜ አቅፋዋለች። ከኋላ በሩ ተከፍቶ የበሬ ድምፅ ጎላ ብሎ ተሰማ። ቀዩ መጋረጃ መውረድ ጀመረ።

ጋሽ ካስማ መጋረጃውን ሲያዩ ነው የገባቸው። «ኮቴ!» አሉ። ወደ ኋላ ቢዳስሱ የለም። ግማሽ ተነሱ፤ የልጃቸውን ዓይን አዩ፤ ግማሽ እንደተነሱ ቀሩ።  ልጅቱ ያን ባዶ ወንበር አስቀድማ ያየችው ትመስል ነበር።

ጋሽ ካስማ ተመልሰው ተቀመጡ። «አልነሳም» አሉ። «ሰርግሽን ግን እያፈረሱት ነው።»

«ምን ሆነ አባባ?» አለ ሙሽራው ጎንበስ ብሎ።

በአንድ ትንፋሽ ነገሩት፤ የኮቱን፣ የፊሽካውን፣ የዕቃ ቤቱን። የከብት ሐኪም ከማይናገር በሽተኛ ጋር የሚሠራ ሰው ስለሆነ የሚናገር ሲያገኝ ቶሎ ይረዳል።

«የግድ ያ ኮት መሆን አለበት?»

«ኮት ኮት ነው! እኔ ትከሻ ላይ ይሁን እንጂ።»

ሙሽራው የራሱን ነጭ ኮት አወለቀ። እሱ አጭርና ቀጭን ነው፤ ጋሽ ካስማ ደግሞ ቀጭን ቢሆኑም ትከሻቸው ሰፊ ነው። ሚስታቸው ከአንድ በኩል፣ ልጃቸው ከሌላ በኩል እየገፉ አለበሷቸው። እጅጌው ክንዳቸው መሀል ቀረ። ከጀርባ «ጨርር» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ይቀደድ፣ እሰፋዋለሁ!» አሉ ሚስታቸው።

አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ። እንግዳው ሁሉ ጉዱን ሊያይ ስለተነሳ የተቀመጠ ሰው አይታይም። ገልባጮቹ ሁልጊዜ የሚያዩት የቆመ አለቃ ነው። ቢጣሩ ሙዚቃው ይውጠዋል። ሌላው መደዳ ሄደ፤ መጋረጃው ግማሽ ወረደ።

ሙሽራው ሚዜዎቹን ጠራና «ከነወንበሩ!» አላቸው። እሱ ራሱ አንዱን እግር ያዘ፣ ሚዜዎቹ የቀሩትን። ጋሽ ካስማ የወንበራቸውን ጠርዝ እንደጨበጡ ከሰዉ ራስ በላይ ከፍ አሉ፤ በሙሽራ ኮት፣ ክንዳቸው ተራቁቶ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ።

«ልጄ!» ብለው ጮኹ ከላይ። «እይኝ! ተቀምጫለሁ!»

«አየሁህ አባዬ!» አለች፤ ሳቋና እንባዋ ተደባልቆ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ጠረጴዛ ሁሉ ባለበት ቆመ። መጋረጃው መሀል ላይ ቀጥ አለ። እትዬ ፊውዝ እጇን ጉንጯ ላይ ጣል አድርጋ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አየች፣ አለቃዋን አየች፣ ከዚያ ያን ነጭ ኮት አየችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ገልባጮቹ ተዛመተ፣ ከገልባጮቹ ወደ እንግዳው። ጥግ ያለው አጎት ያን ጊዜ ነው የነቃው። «አለቀ እንዴ?» አለ።

የተነሳው ሁሉ ተመለሰ። ግን በጥድፊያ ስለተመለሰ እንደ ቀድሞው አልተደረደረም። ጠረጴዛዎቹ ተጠጋጉ፤ የሙሽራው ዘመዶች ከሙሽሪት ዘመዶች ጋር ተቀላቀሉ። እስከዚያ ሰዓት ከአዳራሹ ወዲያና ወዲህ ሆነው በትሕትና ሲተያዩ የነበሩ ሰዎች አሁን ሳህን ይቀባበሉ ጀመር። «የእኔን ወንበር ማን ወሰደው?» ብሎ የሚጀመር ወሬ እንዲህ እንደሚደራ ያየ የለም። አክስትየው ሳህናቸውን ያስነሳቸውን ገልባጭ አጠገባቸው አስቀምጠው አጎረሱት።

ያለቀው ሲመሻሽ ነው። ሙሽሮቹ ሊሄዱ ቆሙ፤ መኪናው በር ላይ ነው። ሙሽራው በሸሚዝ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ኮቱን መጠየቅ አፍሯል። ጋሽ ካስማ ነጩን ኮት እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ገልባጮቹ ከየጥጉ ትከሻቸውን ያያሉ፤ የሚንቀሳቀስ የለም።

ልጅቱ መጥታ ፊታቸው ተንበረከከች። «አባዬ፣ የባሌን ኮት ትሰጠዋለህ ወይስ በሸሚዝ ልውሰደው?»

«ትንሽ ቆይ።»

«መኪናው እየጠበቀ ነው።»

ጋሽ ካስማ የኮቱን ቁልፍ ያዙና ተዉት። በዚያ አዳራሽ ስንቱን ደስታ በአንዲት ኮት ማውለቅ እንደዘጉት ያን ጊዜ ነው የታሰባቸው። «ካወለቅሁት ያልቃል እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቱ ጉንጫቸውን ሳመችና «ይለቅ አባዬ። ሁሉንም አይተኸዋል» አለቻቸው።

አወለቁት፤ ራሳቸው። ለሙሽራው ሰጡት። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ፊውዝ እጇን አንስታ ሁሉንም አስቆመችና፣ በአዳራሹ ታሪክ የመጀመሪያውን የተፈቀደ ጥያቄ ጮክ ብላ ጠየቀች።

«ጋሽ ካስማ፣ እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው!»

ያች ጥያቄ ዛሬም አለች፤ በግልበጣ ሕግ ውስጥ ገብታለች።

ሙሽሮቹ ወጡ፤ የሙሽራው ኮት ጀርባው ተቀድዶ ሸሚዙ ይታያል። የጋሽ ካስማ ሚስት ጫማቸውን አወለቁ። «በል ተነስ፤ ቃልህን ፈጽመሃል።»

«አንዴ ቆይ። ይህን ከዚህ ሆኜ አይቼው አላውቅም።»

ገልባጮቹ ከዳር ወደ መሀል ይመጣሉ። መጋረጃው በሁለት ሰው እጅ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታሰረ። ጠረጴዛዎቹ አንድ በአንድ እግራቸውን አጠፉ። ማንም ማንንም አይጠራም፤ ግን ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም።

«ሥራህ ይህ ነው?» አሉ ሚስታቸው።

«ይህ ነው።»

«ታዲያ ያምራል እኮ! ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ለበሬዎቹ የሚነጠፈው ሰጋቱራ መበተን ጀመረ። አንድ ገልባጭ በአዳራሹ መሀል የቀሩትን፣ ባልና ሚስቱ የተቀመጡባቸውን ሁለት ወንበሮች አየና ወደ እትዬ ፊውዝ ዞረ።

«እነዚያንስ?»

«ተዋቸው» አለች። «በሬዎቹ በዚያ በኩል ዞረው ይግቡ።»